ከጅቡቲ መንገድ የመጣ ቁስል፦ በሽታ የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰው ላይ የባሕር ባክቴሪያ ሲገባ ምን እናድርግ?

የምሠራው ከቃሊቲ ወዲያ፣ አዲስ አበባ አልቃ ገላን ልትጀምር ስትል ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው። በራችን ላይ ቀኑን ሙሉ ተሳቢ ያልፋል። ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የጫነ መኪና ወደ 900 ኪሎ ሜትር ተነድቶ፣ ሠመራን፣ አዋሽን፣ አዳማን አልፎ እኛ ሰፈር ሲደርስ ሾፌሩም ረዳቱም ዝለው ነው የሚወርዱት። የታመመ ካለ ወደ እኛ ጎራ ይላል። እናም ባሕር በሌላት አገር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጠን፣ የባሕር በሽታ ቤታችን ድረስ ይመጣል።

ይህን የምጽፈው ለባልደረቦቼ ነው፤ በተለይ ከከተማው ጫፍ ባሉ ጤና ጣቢያዎችና ትንንሽ ክሊኒኮች ለምትሠሩ። ቤታቸው ውስጥ ጉበቱን፣ ስኳሩን ወይም ካንሰሩን የሚታገል ሰው ላላቸው ቤተሰቦችም ነው። የመድኃኒት መጠኖቹ ለባለሙያ ናቸው፣ እባካችሁ ቤት ውስጥ አትሞክሯቸው። ቤተሰብ ከዚህ ጽሑፍ እንዲይዝልኝ የምፈልገው ምልክቶቹንና ሰዓቱን ነው። ይህ በሽታ የሚለካው በቀን ሳይሆን በሰዓት ነው።

መጀመሪያ የደረሰብንን ልንገራችሁ።

አንድ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ አንድ ሾፌር በረዳቱ ተደግፈው መጡ። ዕድሜያቸው ሃምሳን የተጠጋ፣ ግራ ቁርጭምጭሚታቸው ያበጠና የቀላ። ከመንገድ ላይ አንድ ክሊኒክ ዲክሎፌናክ ተወግተው ክሎክሳሲሊን ይዘው ነበር። እግራቸው ሲታይ ያን ያህል አያስፈራም። ሰውየው ግን ጥርሳቸውን ነክሰው ላብ በላብ ሆነዋል። ተረኛዋ ነርስ ጎበዝ ናት፣ ጠየቀቻቸው፤ «ጋሼ፣ ሰሞኑን ባሕር ዳር ሄደው ነበር?» አሏት፣ «አይ ልጄ፣ የኔ መስመር ጅቡቲ ነው፣ ወደ ጎጃም አልሄድም።» ካርዱ ላይ «የባሕር ንክኪ የለም» ተብሎ ተጻፈ። እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ድረስ ተራ ቁስል ነው ብለን ያዝናቸው። በዚያ ሰዓት ቅላቱ ጉልበታቸው ጋ ደርሶ ነበር፤ ባታቸው ላይ ወይን ጠጅ የመሰለ ደም የቋጠሩ ሦስት እብጠቶች ወጡ፣ ግፊታቸው 80 በ50 ወረደ። እንደገና ጠየቅናቸው። «ወደቡ አጠገብ እግሬን ታጠብኩ እንጂ ባሕር አልገባሁም። ዛጎል ቢጤ ጫር አድርጎኝ ነበር» አሉን። ሄፓታይተስ ቢ እንዳለባቸው ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት ደም ሊለግሱ ሲሉ ተነግሯቸው ነበር።

በሕይወት ተርፈዋል። ግራ እግራቸው ከጉልበት በታች የለም። አራቱን ሰዓት ያጠፋነው እኛ ነን፤ አሁንም ከሆዴ አልወጣም።

ነገሩ ምንድን ነው?

ዋናው ተጠርጣሪ ቪብሪዮ ቩልኒፊከስ የሚባል ባክቴሪያ ነው። የስሙ ትርጉም ራሱ «ቁስል አድራሽ» ማለት ነው፣ በላቲን። የኮሌራ ዘመድ ነው፤ እንደ ኮሌራ ግን በዋናነት አንጀት ላይ አይሠራም። ሞቅ ያለና ጨው ያለበት ውሃ ይወዳል፣ ውሃው ከ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ ይበዛል። በተለይ ንጹሕ ውሃ ከባሕር ጋር የሚቀላቀልበት ዳርቻ ይመቸዋል። በጣም ጨዋማ ውሃ ውስጥ ደግሞ ሌሎቹ ዘመዶቹ፣ ቪብሪዮ አልጊኖሊቲከስና ቪብሪዮ ፓራሄሞሊቲከስ፣ አሉ። አልጋው አጠገብ ቆማችሁ የትኛው እንደሆነ መለየት አትችሉም፣ አያስፈልግምም። ሕክምናው የሚጀመረው በጥርጣሬ ነው።

ሰው ጋ የሚደርሰው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው የቆዳ ቀዳዳ ነው። አዲስ ጭረት፣ የቆየ ቁስል፣ የአሣ እሾህ፣ ዛጎል፣ አዲስ ንቅሳት ሳይቀር። ሁለተኛው በአፍ ነው፤ ጥሬ ወይም በደንብ ያልበሰለ የባሕር ምግብ፣ በተለይ ኦይስተር የሚባለው ዛጎል ለበስ ፍጥረት። በአፍ የገባው ከአንጀት ወደ ደም ይሻገርና፣ እግር ላይ ምንም ቁስል ያልነበረው ሰው በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ብርድ ብርድ ብሎት፣ አንቀጥቅጦት፣ እግሩ ደም ይቋጥራል።

ጤነኛ ሰው ላይ አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። ተቅማጥ፣ ወይም ትንሽ ቁስል። አቅሙ የደከመ ሰው ላይ ግን ሌላ በሽታ ነው። በአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል መረጃ መሠረት በቪብሪዮ ቩልኒፊከስ ከተያዙት ከአምስቱ አንዱ ይሞታል፣ አንዳንዱ በታመመ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ። ደም ውስጥ ከገባ ደግሞ ከግማሽ በላይ።

ማንን ነው የምንፈራለት?

ከሁሉ በፊት ጉበት። ሲሮሲስ ያለበት (ጉበቱ ጠባሳ ሆኖ የደረቀ)፣ ሄፓታይተስ ቢ ወይም ሲ የያዘው፣ ለዓመታት አረቄ የጠጣ። አገራችን ውስጥ ሄፓታይተስ ቢ ብዙ ሰው ላይ አለ፣ ብዙው ደግሞ እንዳለበት አያውቅም። ስለዚህ «የጉበት በሽታ አለብህ?» ብሎ ጠይቆ «የለብኝም» የሚል መልስ ይዞ መተኛት አይበቃም። ዓይኑን እዩ፣ ቢጫ ከሆነ። ሆዱን እዩ፣ ውሃ ከቋጠረ።

ጉበት ለምን? ይህ ባክቴሪያ ብረት ይወዳል። ጉበቱ የተጎዳ ሰው ደም ውስጥ ባክቴሪያው የሚያገኘው ብረት ይጨምራል፤ በዚያ ላይ ከአንጀት የሚመጣውን ደም የሚያጣራው ወንፊት ተቀድዷል። ብረት ሰውነታቸው ውስጥ የሚከማችባቸው ሰዎችም በዚሁ ምክንያት ትልቅ አደጋ ላይ ናቸው።

ከዚያ ስኳር፣ የኩላሊት እጥበት ላይ ያለ፣ ኬሞ የሚወስድ፣ ኤችአይቪ ያለበትና በተለይ ሲዲ ፎሩ (የመከላከያ ሕዋሱ ቁጥር) የወረደ፣ ለአስምም ለሪህም ለኩላሊትም ተብሎ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ለወራት የሚውጥ፣ ንቅለ ተከላ የተደረገለት። ፕሬድኒሶሎኑን ደግሞ ራሳችሁ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም። ብዙ ሰው «መድኃኒት እወስዳለሁ» የሚለው የግፊትና የስኳር ከሆነ ብቻ ነው።

ጥያቄውን በትክክል መጠየቅ

የመጀመሪያው እርምጃ ይሄ ነው። አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። «ባሕር ዳር ሄደሃል?» አትበሉ። በእኛ ቋንቋ ባሕር ዳር ከተማ ነው፣ ጣና ደግሞ ጨው የለውም። «ባሕር ገብተሃል?» ማለትም አይበቃም፣ ምክንያቱም እግሩን ብቻ ያስነካ ሰው «አልገባሁም» ይላል። ውሸት አይደለም።

እንዲህ ጠይቁ። «ባለፈው አንድ ሳምንት ጅቡቲ፣ በርበራ፣ ምጽዋ፣ ዓረብ አገር፣ ወይም ጨው ውሃ ያለበት የትም ቦታ ነበርክ? እግርህን ወይም እጅህን ውሃው ነክቶታል? የባሕር አሣ ወይም ሽሪምፕ በእጅህ ይዘሃል፣ ጠርገሃል? ጥሬውን በልተሃል?» በባቡር ለቡ የሚወርድ ነጋዴም ይጠየቅ፣ ከየመን በጀልባ ተሻግሮ የተመለሰ ልጅም ይጠየቅ። ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ከውጭ የመጣ የቀዘቀዘ የባሕር ምግብ የሚያጸዳውንም አትርሱት።

ሰዓቱንም ጠይቁ። ውሃው የነካው መቼ ነው? ሕመሙ የጀመረው መቼ ነው? ብዙውን ጊዜ በመካከሉ ያለው ከ12 እስከ 72 ሰዓት ነው። መልሱን ካርዱ ላይ በሰዓት ጻፉት። «ከትናንት ጀምሮ» ብላችሁ አታልፉት።

እግሩን ማየት፣ በእስክሪብቶም ማስመር

ቁስል ላይ ከሚታየው በላይ የሚያም ከሆነ ደወል ነው። ሾፌሩ ላብ ያጠመቃቸው ይኸው ነበር። ከቅላቱ ወጣ ብላችሁ ስትነኩ ሥጋው እንደ እንጨት ከደረቀ፣ ቆዳው ከጠቆረ ወይም ወይን ጠጅ ከመሰለ፣ ደም ከቋጠረ፣ በኋላ ደግሞ ሕመሙ ድንገት ጠፍቶ ቆዳው ከደነዘዘ፣ ከቆዳው ሥር ያለው ሥጋ እየሞተ ነው። የደነዘዘውን «ተሻለኝ» ብለው ይነግሯችኋል። ተጠንቀቁ።

እስክሪብቶ አውጡና የቅላቱን ጠርዝ ዙሪያውን አስምሩ፣ አጠገቡ ሰዓቱን ጻፉ። ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና እዩ። ከመስመሩ ካለፈ አዲስ መስመር፣ አዲስ ሰዓት። የእኛን ሰውዬ ያየሁት ከቀትር በኋላ ስለነበር እግራቸው ላይ ምንም መስመር አልነበረም፣ ጠዋት የት እንደነበረ የምናወራው በትዝታ ነው። አሁን ድንገተኛ ክፍላችን ጠረጴዛ ላይ ወፍራም ማርከር በክር ታስሮ ተንጠልጥሏል። ነርሷ ናት ያሰረችው።

ከዚያ ሙቀት፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ግፊት፣ ኦክስጅን፣ ስኳር። ጣቱን ጥፍሩ ላይ 5 ሰከንድ ተጫኑና ልቀቁ፤ ቀለሙ እስኪመለስ ከ3 ሰከንድ በላይ ከወሰደ ደሙ በደንብ እየዞረ አይደለም። ላክቴት (ሰውነት በቂ ደምና ኦክስጅን ሲያጣ ደም ውስጥ የሚጨምር ነገር) የሚለካ መሣሪያ ለሌለን ሰዎች ይቺ ትልቅ ነገር ናት። ደግሞም አቅሙ የደከመ ሰው ላይ ትኩሳት አለመኖሩ አያታልላችሁ። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው 36.5 ሆኖ ሊሞት ይችላል።

የመጀመሪያው ሰዓት

ከተጠረጠረበት ደቂቃ ጀምሮ ያለው አንድ ሰዓት ወርቅ ነው። በዚህ ሰዓት ውስጥ መድኃኒቱ ደም ሥር ውስጥ መግባት አለበት። አምቡላንስ እስኪመጣ፣ ላቦራቶሪ ውጤት እስኪሰጥ፣ ሆስፒታል «ላኩት» እስኪል አይጠበቅም።

ሁለት ሰፋፊ ካኑላ፣ ባልታመመው እጅና እግር በኩል። የደም ካልቸር (ባክቴሪያውን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) ጠርሙስ ካላችሁ ከሁለት ቦታ ውሰዱና ከታካሚው ጋር ላኩት፣ ከሌላችሁ እለፉት። ካልቸር ፍለጋ መድኃኒት አይዘገይም።

ከዚያ ሁለት መድኃኒት በአንድ ላይ። ዶክሲሳይክሊን 100 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ፣ እና ሦስተኛ ትውልድ ሴፋሎስፖሪን። ሴፍታዚዲም ካለ 2 ግራም በየ8 ሰዓቱ በደም ሥር፣ ኩላሊቱ ከደከመ መጠኑ ይቀነሳል። እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ያለው ሴፍትሪያክሶን ነው፤ እሱም ይሠራል፣ ከ1 እስከ 2 ግራም በቀን በደም ሥር፣ ለኩላሊት ብሎ መቀነስ አያስፈልገውም። ዶክሲሳይክሊን በደም ሥር የሚሰጠው ከጤና ጣቢያ ይቅርና ከብዙ ሆስፒታል አይገኝም። ታካሚው ነቅቶ መዋጥ ከቻለ እንክብሉ በብዙ ውሃ፣ ቀና ብሎ ተቀምጦ። ከወተትና ከጨጓራ ሽሮፕ ጋር አይሰጥ፣ አይመጠጥም። መዋጥ ካልቻለ ሲፕሮፍሎክሳሲን በደም ሥር 400 ሚሊ ግራም በየ12 ሰዓቱ ከሴፋሎስፖሪኑ ጋር ይተካዋል።

ደስ የሚለው ነገር እነዚህ መድኃኒቶች ብርቅ አይደሉም። ዶክሲሳይክሊኑ ለኮሌራም ስለሚሰጥ መደርደሪያችን ላይ አለ፣ ሴፍትሪያክሶኑ በየፋርማሲው ነው። ሾፌሩን ሊያድኑ የሚችሉት ሁለቱም መድኃኒቶች ከአልጋቸው አሥር እርምጃ ርቀው ተቀምጠው ነበር።

አንድ ጥንቃቄ። ሴፍትሪያክሶንና ሪንገር ላክቴት በአንድ መስመር በአንድ ጊዜ አይሂዱ፣ ሪንገሩ ውስጥ ካልሲየም አለ። በሌላኛው ካኑላ ስጡ፣ ወይም መስመሩን በኖርማል ሳላይን አጥባችሁ በየተራ። ጨቅላ ሕፃን ከሆነ ሁለቱን ጭራሽ አታገናኙ።

ክሎክሳሲሊን ብቻውን አይሠራም። ያበጠና የቀላ እግር ሲመጣ እጃችን በልማድ የሚሄደው ወደ ክሎክሳሲሊንና አሞክሳሲሊን ነው፤ ለተራው ቁስል ልክ ነው፣ ለዚህኛው ግን ጊዜ ማባከን ነው። በሌላ በኩል፣ ሥጋ የሚያሞት በሽታ ሁሉ ከባሕር አይመጣም። ስትሬፕቶኮከስም ስታፊሎኮከስም ያደርገዋል። ውጤት እስኪታወቅ ድረስ ሆስፒታሉ ቫንኮማይሲንና ክሊንዳማይሲን ይጨምርበታል፣ ትክክል ነው፣ ግን ዶክሲሳይክሊኑን በእነሱ አይተኩት።

ዲክሎፌናክ አትውጉ። ይህን ጮክ ብዬ ብናገረው ደስ ይለኛል። መንደር ውስጥ ለሁሉም ሕመም ዲክሎፌናክ መወጋት ልማድ ሆኗል፤ እዚህ ላይ ግን ማስጠንቀቂያ የሆነውን ሕመም ያደበዝዛል፣ እየወረደ ባለው ግፊት ላይ ኩላሊቱን ይጎዳል፣ የጉበት ታካሚን ሊያደማ ይችላል። ለሕመሙ ትራማዶል በልክ ወይም ሞርፊን ካለ፣ ፓራሲታሞል ደግሞ ጉበቱ ለተጎዳ ሰው በቀን ከ2 ግራም ሳይበልጥ። ጄንታማይሲንም በደከመ ኩላሊትና በሲሮሲስ ላይ ባይነካ ይሻላል።

ፈሳሹስ? ግፊቱ ከወረደ የተለመደው ምክር በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 1,800 ሚሊ ሊትር ገደማ። ነገር ግን ዝም ብላችሁ አታፍስሱ። ዛምቢያ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት፣ አብዛኞቹ ኤችአይቪ ያለባቸው ሴፕሲስ የያዛቸው (ኢንፌክሽን መላ ሰውነታቸውን ያወከባቸው) ታካሚዎች ላይ፣ ፈሳሽ በብዛትና በፍጥነት ከተሰጣቸው 48 ከመቶው፣ በተለመደው መንገድ ከታከሙት ደግሞ 33 ከመቶው እንደሞቱ አሳይቷል። ኦክስጅንና መተንፈሻ ማሽን በቅርብ በሌለበት ቦታ ይህን መርሳት አይቻልም። 500 ስጡ፣ ሳንባውን አዳምጡ፣ ትንፋሹን ቁጠሩ፣ ጥፍሩን ተጫኑ፣ ከዚያ ሌላ 500። ሆዱ ውሃ የቋጠረ፣ ልቡ የደከመ ወይም እጥበት ላይ ያለ ከሆነ በ250 በ250።

እንደ ታካሚው የሚለያይ ነገር

ለወራት ፕሬድኒሶሎን የወሰደ ሰው ድንገት ካቆመ ግፊቱ አይነሣም። መዋጥ ካልቻለ ወይም ግፊቱ ከወደቀ ሃይድሮኮርቲሶን 100 ሚሊ ግራም በደም ሥር፣ ከዚያ 50 በየ6 ሰዓቱ። ሜቶትሬክሴትና አዛታዮፕሪን የመሳሰሉት ለጊዜው ይቁሙ፣ የሚከታተለው ሐኪም ይደወልለት። የኤችአይቪ መድኃኒት አይቋረጥም። የብረት እንክብል ግን ይቁም፣ በደም ሥር የሚሰጥ ብረትም ኢንፌክሽኑ እስኪያልፍ ይቆይ። «ደም አንሶታል» ብሎ ብረት መጨመር እዚህ ላይ ባክቴሪያውን መቀለብ ነው።

ጉበት የደከመ ሰው ስኳሩ በድንገት ይወርዳል። ከ70 በታች ከሆነ 40 በመቶ ግሉኮስ። የስኳር ታካሚ ደግሞ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ኢንሱሊን ተሰጥቶት ከ180 በታች ቢቆይ ጥሩ ነው። ኬሞ ላይ ያለና ነጭ የደም ሕዋሱ የወረደ ሰው ሴፍትሪያክሶን አይበቃውም፣ ሴፍታዚዲም ወይም ሴፈፒም ያለበት ቦታ ቶሎ ይድረስ። እርጉዝ ሴት ላይ ዶክሲሳይክሊን በተለመደው ጊዜ አይሰጥም፤ ሞት ፊት ላይ ሲቆም ግን ውሳኔው ከከፍተኛ ሐኪም ጋር በስልክ ይደረግ፣ ሴፋሎስፖሪኑ ግን ለደቂቃ አይዘግይ።

መላክ

የእኛ ድርሻ አስተኝቶ ማቆየት አይደለም፣ ቀዶ ሐኪም ጋ ማድረስ ነው። በእኛ አቅጣጫ ቅርቡ የመንግሥት ሆስፒታል ጥሩነሽ ቤጂንግ ነው። ቀዶ ሕክምና ክፍሉ ዝግጁ የሆነበት፣ ጽኑ ሕሙማን አልጋ ያለበት የት እንደሆነ ግን በዚያ ሰዓት በስልክ ነው የሚታወቀው። ሊያዞን ክፍሉ ጋ ስትደውሉ «እግሩ ያበጠ ታካሚ አለን» አትበሉ። እንዲህ በሉ፦ «የባሕር ውሃ የነካው፣ የጉበት በሽታ ያለበት፣ ሥጋው እየሞተ ያለ ታካሚ አለን፣ ግፊቱ 80 ነው፣ ቪብሪዮ ጠርጥረናል፣ ዶክሲሳይክሊንና ሴፍትሪያክሶን በዚህ ሰዓት ጀምረናል፣ ዛሬ ቀዶ ሐኪም ያስፈልገዋል።» በዚህ ዓይነት ንግግርና በዚያኛው መካከል ያለው ልዩነት ኮሪደር ላይ ማደርና አለማደር ነው።

አምቡላንስ 907 የቀይ መስቀል ነው፣ 939 የእሳትና ድንገተኛ አደጋ። ካልተገኘ መኪና ተለምኖም ቢሆን ይሂድ፣ ባለሙያ አብሮ ይሂድ፣ ፈሳሹና ኦክስጅኑ እንዳለ። ባጃጅ ላይ ብቻውን አይጫን። ሪፈር ወረቀቱ ላይ የመጀመሪያው መስመር «ጨው ውሃ ነክቶታል» ይሁን፤ የተሰጠው መድኃኒት ከነሰዓቱ፣ እግሩ ላይ ያሉት መስመሮች ከነሰዓታቸው ይጻፉ። ቀለበት መንገዱ ከሰዓት በኋላ በተሳቢ ሲዘጋ አንድ ሰዓት እንደሚፈጅ ታውቃላችሁ፤ ያንን ሰዓት ከመድኃኒት በፊት ካደረጋችሁት ሞት ነው፣ ከመድኃኒት በኋላ ካደረጋችሁት መንገድ ነው።

ሆስፒታል ውስጥ

ለላቦራቶሪው «ቪብሪዮ ነው የምንጠረጥረው» ተብሎ በቃል ይነገር። ደም ካልቸሩ ላይ እንደ ሌላው ይበቅላል፤ ከቁስል የተወሰደው ግን ቲሲቢኤስ የሚባለው ለቪብሪዮ የተዘጋጀ ማብቀያ ላይ ቢዘራ ቶሎ ይለያል። ቩልኒፊከስ እዚያ ላይ ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ሆኖ ነው የሚታየው፣ ኮሌራ ደግሞ ቢጫ። ካልተነገራቸው ያንን ማብቀያ አያወጡትም።

ቢላው አይዘግይ። የሞተ ሥጋ ውስጥ ደም አይዞርም፣ ደም ካልዞረ መድኃኒትም አይደርስም። ከታይዋን የወጡ ጥናቶች ሆስፒታል በገቡ በ12 ሰዓት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከዘገዩት በተሻለ እንደተረፉ ያሳያሉ። ኤምአርአይ ወይም ሲቲ ወረፋ እየጠበቁ ማደር የለም፤ ጥርጣሬው ከበረታ ቆዳው ተከፍቶ ይታያል። ውስጡ ግራጫ ሆኖ፣ ዕቃ ያጠበ የመሰለ ውሃ ከወጣና ሽፋኑ በጣት ሲገፋ ከተላቀቀ ሌላ ማስረጃ አይፈለግም። ደም የሚፈስበት ጤነኛ ሥጋ እስኪደረስ ይቆረጣል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ተመልሶ ይታያል፣ ካስፈለገም ይደገማል።

ቤተሰብ «እግሩን ቁረጡ» የሚለው ወረቀት ላይ እንዲፈርም ሲጠየቅ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ። የሾፌሩ ባለቤት እጅ እየተንቀጠቀጠ ብዕሩ ወደቀ። ባልደረቦቼ፣ በዚያ ሰዓት በችኮላ ወረቀት አትዘርጉ። ቁጭ በሉና በሁለት ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው፤ እግሩ ሞቷል፣ የሞተው እግር እሱን ይዞት እየሄደ ነው። ይገባቸዋል። ጊዜ የሚያባክነው ግራ መጋባቱ ነው።

ግፊቱ በፈሳሽ ካልተነሣ ኖርአድሬናሊን፣ አማካይ ግፊቱ 65 እንዲደርስ። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱም ይታይ። ከዚያ መድኃኒቱ ከባድ ለሆነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 14 ቀን ይቀጥላል፣ ቁስሉ እስኪጠራም ሊረዝም ይችላል። የካልቸር ውጤት ሲመጣ ይጠበብ።

እዚሁ አገር ያለው ውሃስ?

ዝዋይም ሐዋሳም ጣናም ጨው ውሃ አይደሉም፣ ስለዚህ ቩልኒፊከስ ከእነሱ አይጠበቅም። ግን ኤሮሞናስ የሚባል ባክቴሪያ ጨው በሌለው ውሃ ይኖራል፣ ጉበቱ በደከመና ኬሞ ላይ ባለ ሰው ላይ ይህንኑ የሚመስል ሥራ ይሠራል። ሐዋሳ ሄዶ ጥሬ አሣ በዳጣ የበላ፣ ወይም አሣ ሲያርድ እሾህ የወጋው ሰው ተመሳሳይ ጥያቄ ይጠየቅ። ዶክሲሳይክሊን ከሲፕሮፍሎክሳሲን ወይም ከሴፍትሪያክሶን ጋር፣ ቀዶ ሕክምናውም ያው ነው።

ሌላው ደግሞ የተረጋጋው ነው፣ ማይኮባክቴሪየም ማሪነም። የቲቢ ዘመድ፣ ከአሣ ገንዳም ከባሕርም። እጅ ላይ ቀስ በቀስ እንደ ብጉር ይወጣና በሳምንታት ውስጥ ወደ ክርን ይወጣል። ይህ ለአንድ ሰዓት የሚያስሮጥ አይደለም፣ ለወራት የሚታከም ነው። «የቆዳ ቲቢ» ተብሎ ከመመዝገቡ በፊት ስለ አሣና ስለ ውሃ ቢጠየቅ መልካም ነው።

ለቤተሰብ

ጉበት፣ ስኳር፣ ኩላሊት ወይም ካንሰር ያለበት ሰው ከባሕር አገር ተመልሶ በሳምንት ውስጥ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ትንሽ ቁስሉ ከልክ በላይ ካመመው፣ ካበጠ፣ ከጠቆረ፣ ደም ከቋጠረ፣ በዚያው ሰዓት ይውጡ። ሌሊት 8 ሰዓትም ቢሆን። «ሲነጋ እናየዋለን» አይባልም። ቅቤ፣ ቅጠል፣ አመድ አታድርጉበት፣ የቋጠረውን አታፍርጡት። ጠበል የምትሄዱ ከሆነ እምነታችሁን ማንም አይነካም፤ ቁስሉን ግን አታርጥቡት፣ መጀመሪያ ድንገተኛ ክፍል ግቡ፣ ጸሎቱ እዚያም ይደረሳል።

መስመራችሁ ጅቡቲ ለሆነ ሾፌሮችና ረዳቶች ደግሞ፤ ሄፓታይተስ ቢ ተመርመሩ፣ ከሌለባችሁ ክትባቱን ውሰዱ። ወደቡ አካባቢ ውሃ ዳር በባዶ እግር አትቁሙ፣ ቁስል ካለባችሁ ውሃውን አታስነኩት። ከተጫራችሁ ወዲያው በንጹሕ ውሃና በሳሙና እጠቡ፤ የፕላስቲክ ውሃ መኪናው ውስጥ አይጠፋም። የባሕር ምግብ በደንብ ሳይበስል አትብሉ። የትም ሐኪም ፊት ስትቀርቡም ሳትጠየቁ «ጨው ውሃ ነክቶኛል» በሉ። ጋሼ አሁን ለመስመር ጓደኞቻቸው የሚነግሩት ይህንኑ ነው፣ ፋሻ ሊያስቀይሩ ሲመጡ ሁለት ሾፌሮች ይዘው መጥተው ክትባት አስጀምረዋል።